«ቤቶች! ውሻ ያዙ!»፦ ቡሄን ከውሻችን ጋር በሰላም ለማክበር

ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ጋብ ካለ መጀመሪያ የሚሰማው ጅራፍ ነው። ከአንዱ ሰፈር ይጮሃል፣ ከማዶ ያለው ይመልስለታል። ጥቂት ቆይቶ የልጆች እግር በጭቃው ላይ ይንቦጫረቃል፣ ዱላ መሬት ይደበድባል፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ግን ዘፈኑን ገታ አድርገው «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላሉ።

ውሻ ያለው ቤት ሁሉ ለዚህ ጥሪ መልስ አለበት። «ተይዟል፣ ግቡ» ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ውሻው በእርግጥ ተይዞ፣ ልጆቹ ሳይሳቀቁ ገብተው ጨፍረው ሙልሙላቸውን ይዘው እንዲወጡ፣ ውሻውም ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ እንዳያድር ግን ዝግጅቱ ከሐምሌ መጀመር አለበት። ከዚህ በታች ያንን ዝግጅት በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

እኔ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ቡላ የሚባል ውሻ አለኝ። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በመጀመሪያው ቡሄው፣ በር አጠገብ በአጭር ገመድ አስሬው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የሰፈሩ ልጆች ደጃፉ ላይ ጅራፍ ሲያጮሁ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጨሞጋ ወንዝ አካባቢ አገኘሁት፤ የአንገቱ ቆዳ ተልጦ፣ ስጠራው እንኳ መቅረብ ፈርቶ ነበር። ልጆቹ በዓላቸውን ነው ያከበሩት፣ አላጠፉም። እሱም አላጠፋም። የት እንደሚታሰርና እንዴት እንደሚታሰር ሳላውቅ ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ።

ውሻው ምን ይሰማል፣ ምን ያያል?

ዝግጅቱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ነገሩን ከውሻው ወገን እንየው። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው። የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ እንደሆነ፣ ችቦው የብርሃኑ ምሳሌ እንደሆነ፣ ሙልሙሉ ደግሞ መሽቶባቸው በዱር ለቀሩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ይዘውላቸው የሄዱትን ኅብስት እንደሚያስታውስ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። ውሻው ይህን የነገረው የለም።

የጅራፍ ጫፍ ሲወረወር ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። የምንሰማው ጩኸት ጫፉ አየሩን ሲሰነጥቀው የሚወጣው ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ዑደት ያለውን ድምፅ ሲሰማ የውሻ ጆሮ ከ40,000 በላይ ያለውንም ይሰማል። ስለዚህ እኛን የሚያስደስተን ድምፅ ለእሱ በጣም የተሳለ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የጎጃም ደጋ መብረቅና ነጎድጓድ የሚበዛባቸው ወራት ስለሆኑ ጆሮው አስቀድሞ ደክሟል። ከዚያ ዱላ የያዙ አሥርና አሥራ አምስት ልጆች መሬቱን እየደበደቡ ወደ አጥሩ ይመጣሉ። ውሻ ዓመቱን ሙሉ «ጠብቅ» እየተባለ የኖረው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ዛሬ ግን ጌታው ራሱ እየሳቀ በሩን ይከፍትላቸዋል። ቢጮህ፣ ቢንደረደር፣ ቢሸሽም አይፈረድበትም።

አንደኛ፦ ሐምሌ ሳይጋመስ አስከትቡት

ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ውሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያዳብር አራት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ለቡሄ የሚደርሰው እስከ ሐምሌ 15 ድረስ ከተከተበ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገምለታል። የክትባቱን ወረቀት እንደ መሬት ደብተር አስቀምጡት። አንድ ልጅ ቢነከስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» የሚል ነው፣ ያን ጊዜ ማስረጃው በእጃችሁ ሊኖር ይገባል።

በገጠር ላላችሁ፣ በጎዛምን፣ በስናን፣ በማቻከል፣ ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ወንዝ ሲሞላ ውሻን ወደ ከተማ ማምጣት እንደማይታሰብ አውቃለሁ። ስለዚህ በቀበሌያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሰኔ ንገሩት፤ ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ ውሾቻችሁን በአንድ ቀን ብታስከትቡ ለእሱም ይቀለዋል። የአንድ ቤት ውሻ መከተቡ መልካም ነው፣ በሽታው ከአካባቢው የሚጠፋው ግን ከመቶ 70 የሚሆኑት ውሾች ሲከተቡ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው እንደሚሞት ያሳያል፤ ሰዎችን ከሚይዘው ከመቶ 99 የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በቡሄ ማታ ደጃችን ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ጅራፉን አለማምዱት

ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሰፈር ልጆች ጅራፋቸውን መግመድ ይጀምራሉ። ከነሱ አንዱን ጥሩትና እርዳታውን ለምኑት፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ ልጅ የለም። መጀመሪያ በጣም ርቆ፣ ድምፁ በጭራሽ ውሻውን በማያስደነግጥበት ቦታ፣ ሜዳው ማዶ ሆኖ ያጩህ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ወዲያው ለውሻው የሚወደውን ነገር በእጃችሁ ስጡት። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለሚገባ በቤት ሥጋ የለም፤ የተቀቀለ ድንች ቁራሽ ወይም የዳቦ ቅርፊት ይበቃል። በማግስቱ ልጁ ትንሽ ይቅረብ። ውሻው ምግቡን ከተወ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሀል ከሸጎጠ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም ሳይደክመው ካለከለከ ቸኩላችኋል፤ ልጁ ወደነበረበት ይመለስ። በቀን አምስት ደቂቃ በቂ ነው።

ቡላን ለማለማመድ 18 ቀን ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ጅራፍ ሲሰማ ወደ እጄ ማየት ጀመረ። ድምፁን አሁንም አይወደውም፤ ግን ድምፁ ካለፈ በኋላ ጥሩ ነገር እንደሚመጣ ያውቃል።

ውሻ ሲፈራ ማቀፍና ማባበል ፍርሃቱን ያባብሰዋል የሚል አነጋገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት አይደለም። ከጎኑ ተቀምጣችሁ በዝግታ ደረቱን ብትደባብሱት አይበላሽም። የሚያበላሸው ስለ ጮኸ መምታት ነው። ፍርሃቱ ከባድ የሆነበት፣ ለምሳሌ በነጎድጓድ ጊዜ ራሱን የሚያቆስል ውሻ ካላችሁ የእንስሳት ሐኪም አስቀድማችሁ አማክሩ። ከሰው መድኃኒት ውስጥ ማስተኛ ብላችሁ በራሳችሁ አትስጡት።

ሦስተኛ፦ ማሰሪያውና ማደሪያው

አብዛኞቻችን ውሻን የምናስረው በር ላይ ነው፤ ለጥበቃ። ለቡሄ ማታ ግን ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፤ መሸሽ ያልቻለ እንስሳ ደግሞ ይነክሳል። ልጆቹ በጨለማ ሲገቡ ሰንሰለቱ እስከ የት እንደሚደርስ አይታያቸውም።

ስለዚህ ከበሩ የራቀ፣ ከተቻለ ከቤቱ ጀርባ ወይም ጓሮ ያለ ቦታ ምረጡ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ማታ ማታ እዚያ መመገብ ጀምሩ፤ በበዓሉ ቀን ድንገት ከወሰዳችሁት እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ነሐሴ በኛ አገር ዝናብ የሚያባራበት ወር አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጎጆው ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ይበል፣ ክዳኑ አያፍስ፣ በሩ ከነፋሱ ፊቱን ይመልስ፣ ውስጡ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት። የለበሳችሁትን አሮጌ ጋቢ ብትጨምሩበት ጠረናችሁ ያረጋጋዋል።

ሰንሰለቱ ከሦስት ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። አንገቱ ላይ የሚውለው ሰፋ ያለ የቆዳ ቀበቶ ይሁን፤ ሁለት ጣት በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ከገባ ልኩ ነው። ገመድ በቀጥታ አንገቱ ላይ አትቋጥሩ፤ ቡላ ላይ የደረሰው በዚያ ነው። ቀበቶው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉ።

ውሻን በቤት ውስጥ ማስገባት የሚፈቅድ ቤት ካላችሁ ጓዳው ይሻላል። መስኮቱን ከልሉ፣ ሬዲዮ ለስለስ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ውሃ አስቀምጡ። በገጠር ከሆነ በረቱ ጥግ፣ ከከብቶቹ እግር ራቅ ብሎ፣ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ከሚያውቃቸው እንስሳት ጋር ያለ ውሻ ይረጋጋል። ግን ማንም ቤት በዚያ ሌሊት ውሻውን እንዳይፈታ። ደንግጦ ከአጥር የወጣ ውሻን በጨለማ የሚጠብቀው ጅብ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱም ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት መታሰሩን አረጋግጡ። ተከትሏችሁ ቅጥሩ ድረስ ይመጣና በዱላ የሚባረረው እሱ ነው።

አራተኛ፦ የሊጡ ቀን

በቡሄ ዋዜማ በየቤቱ ሊጥ ይቦካል። ብዙ ሰው ስለ አጥንት ይጨነቃል፣ በዚህ በዓል ግን ጾም ስለሆነ አጥንት የለም። አደጋው ሊጡ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ብዙ አላገኘሁም። ያልተጋገረ እርሾ ያለው ሊጥ ወደ ውሻ ሆድ ሲገባ በሙቀቱ መቡካቱን ይቀጥላል። ይነፋል፣ ጨጓራውን ይወጥራል፤ እርሾው ሲሠራ ደግሞ አልኮል ስለሚያወጣ ውሻው በላዩ ላይ ይሰክራል። ምልክቶቹ ሆድ መወጠር፣ ለማስመለስ ሞክሮ ምንም አለመውጣት፣ መንገዳገድና መፍዘዝ ናቸው። ይህን ካያችሁ በቤት ውስጥ አታስመልሱት፣ ዘይትም ወተትም አትጋቱት፤ በፍጥነት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቡሃቃው ከመሬት ይነሳ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫንበት፣ ልጆች «ቅመሰው» ብለው የሊጥ ቁራጭ እንዳይወረውሩለት አስቀድሞ ይነገራቸው።

የተጋገረ ሙልሙል ቢሰጠው ክፋት የለውም፤ ዘቢብ ያልገባበት ይሁን እንጂ። ዘቢብና ወይን የውሻን ኩላሊት ይጎዳሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ያበላሹበታል፤ በጾም ደግሞ የቤታችን ወጥ ሁሉ በሽንኩርት የተቁላላ ነው። ውሻ አይጾምም፣ እኛ ስንጾም ግን ምግቡ ቀንሶ በሽንኩርት የተሠራ የሽሮ ትርፍ ላይ ብቻ ይወድቃል። ለእሱ ለብቻ ምስር ወይም ድንች ያለ ሽንኩርት ቀቅላችሁ ከእንጀራ ጋር ፈትፍቱለት። ጠላም አተላም አረቄም አይቅመስ፤ ሰክሮ ሲንገዳገድ ማየት የሚያስቃቸው ሰዎች አሉ፣ ለውሻው ግን መርዝ ነው።

በከተማው አሁን አሁን ለሆያ ሆዬ ልጆች ከሙልሙል ይልቅ ከረሜላና ማስቲካ የሚሰጥ ቤት በዝቷል። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለሰው ምንም ሳይሆን የውሻን ደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ያወርደዋል። ቸኮላትም እንዲሁ መርዙ ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ ይብሳል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ይህን በሌላ በዓል ያውቁታል። እዚያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ማታ፣ ሃሎዊን በሚሉት ቀን ልጆች ጭምብል አድርገው ከቤት ቤት እየዞሩ ጣፋጭ ይሰበስባሉ፤ የከረሜላውን ቦርሳ ከውሻ ማራቅ በዚያ ቀን የሚነገር የመጀመሪያው ምክር ነው። ዋሺንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከላይ ስለ በሩና ስለ ማሰሪያው የጻፍኩት ሁሉ ለዚያም ማታ ይሠራል።

አምስተኛ፦ በሩ ላይ

ከመምሸቱ በፊት፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ውሻውን በደንብ አንሸራሽሩትና ራቱን ስጡት። የደከመና የጠገበ ውሻ ይተኛል። ከዚያ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ውሰዱትና ከቤተሰቡ አንድ ሰው «የዛሬ ውሻ ጠባቂ» ይሁን። የዚያ ሰው ሥራ ሌላ ምንም አይደለም። በሩን የሚከፍተውና ሙልሙሉን የሚያድለው ሌላ ሰው ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሲይዘው ነው ጥፋት የሚመጣው።

ልጆቹን ከበሩ ውጭ ወይም እበሩ አጠገብ ባለ ክፍት ቦታ አጫውቷቸው። ጅራፉን ግቢ ውስጥ እንዳያጮሁት በፍቅር ለምኗቸው። አውራው ልጅ ብዙ ጊዜ አስተዋይ ነው፤ «ውሻችን ይፈራል፣ ጅራፉን መንገድ ላይ አጩሁልን» ስትሉት ይሰማችኋል፤ እኔ ለዚህ አንድ ሙልሙል እጨምርለታለሁ።

ለራሳችሁ ልጆችም፣ ለሚመጡትም፣ ይህን አስተምሩ። ሳይጠሩ ግቢ አይገባም። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ የሚሮጥን ነገር ማሳደድ የተፈጥሮው ነው። እጅን ሰብስቦ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ከጣለ ደግሞ እንደ ድንጋይ ተጠቅልሎ፣ በሁለት እጅ አንገትንና ጆሮን ሸፍኖ፣ ሳይጮሁ መቆየት። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት አንዳንዱን ውሻ ያባርራል፣ የተጨነቀውንና የታሰረውን ግን ያስቆጣዋል። ቡችላ ያላትን እናት ውሻ የሚነካ ልጅ ከአጠገቧ አይጠፋምና ከነቡችሎቿ ከልሏት።

ስለ ሌሎች እንግዶችም ላንሳ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ወደ ዋሸራ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ለትምህርት የሚሄዱ የቆሎ ተማሪዎች ደብረ ታቦርን የሚያከብሩት እንደ ራሳቸው በዓል ነው፤ ከቀኑ አስቀድመው «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ ብቻውን የሚመጣ የማያውቁት ልጅ ለውሻ ከሁሉ የበለጠ አጠራጣሪ እንግዳ ነው። የአብነት ተማሪን እግር ያየ ሰው የውሻ ጥርስ ጠባሳ ማየቱ አይቀርም። እነዚህ ልጆች ከአገራቸው ርቀው፣ ዘመድ በሌለበት፣ ቢነከሱ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የፍልሰታ ሁለቱን ሳምንት በሙሉ ውሻችሁን ቀን አትፍቱት። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ከመስጠታችሁ በፊት ውሻውን ያዙ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እለምናችኋለሁ።

ስድስተኛ፦ ችቦው

ደረቅ ቀርከሃ ወይም እንጨት ታስሮ ሲለኮስ ፍንጣሪው ሩቅ ይሄዳል። ውሻው ያለበት ጎጆ ጭድ የተነጠፈበት ስለሆነ ችቦ ከሃያ እርምጃ ባነሰ ርቀት አይቅረብ። ጠዋት ደግሞ ያልጠፋ ፍም በአመዱ ሥር ይቀራል፤ ውሻ አመድ ላይ መተኛት ይወዳል። ውሃ አፍሱበት። ከተቃጠለ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ አቀዝቅዙለት። ቅቤ፣ ቡና ወይም አመድ አትቀቡት።

ሰባተኛ፦ ነሐሴ 16፣ ጾሙ ሲፈታ

ከቡሄ ሦስት ቀን በኋላ ፍልሰታ ይፈታል፣ በግ ይታረዳል፣ ዶሮ ይሠራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ለውሻ አትጣሉት። ከዚህ የከፋው ግን የሚታረደው በግ ሆድ ዕቃ ነው። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ በውስጡ የትል ዕጭ አለ። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በጸጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበቱና ሳንባው ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። በኛ አገር ከብትና በግ በቤት ስለሚታረድ ይህ በሽታ ከመካከላችን አልወጣም። እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ጤነኛ የመሰለውንም በደንብ ሳትቀቅሉ አትስጡ። ለውሻው ደግሞ የትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል ያለበትን፣ ሐኪሙ በሚላችሁ መጠን በየሦስት ወሩ ስጡት።

ቢነክስ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሊሆን ይችላል። ልጁ ቢነከስ ወይም ጥርሱ ቢቧጭረው፣ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከሚመስላችሁ ይረዝማል። ቅጠል አትጨምሩበት፣ አትሰፉት፣ በጥብቅ አትጠቅልሉት። ከዚያ በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ማለዳ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ የክትባት ጉዳይ በባለሙያ ይወሰናል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል።

በኛ አካባቢ ሰው ሲነከስ ወደ ባህል ሐኪምና ወደ ጸበል መሄድ የቆየ ልማድ ነው። ጸበሉን ማንም አይከለክልም። ግን ክትባቱን አያስቀርም፣ አያዘገይም፤ ልጁ ተከትቦም ይጠመቃል።

ውሻውን ደግሞ አትግደሉት። በንዴት የሚገደለው ውሻ ትልቁን መረጃ ይዞት ይሞታል። አስራችሁ፣ እየመገባችሁ፣ ከሰው ለይታችሁ ለአሥር ቀን ተከታተሉት፣ የእንስሳት ሐኪምም ይየው። በአሥሩ ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ጠባዩ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ካለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ አትቅረቡት፤ ሐኪሙንና ልጁን የሚያክመውን ጤና ጣቢያ በዚያው ሰዓት አሳውቁ። የተነከሰው ልጅ ወላጆች ቤት ራሳችሁ ሂዱ፤ ይቅርታ ጠይቁ፣ የክትባቱን ወረቀት አሳዩ፣ የሕክምናውን ወጪ ቻሉ።

ቢጠፋ፣ ሲነጋ

ነሐሴ 13 ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ ውሻውን ማየት ነው። ጥፍሮቹ መካከል ስንጥር ወይም ጠጠር ገብቶ እንደሆነ ፈልጉ፣ ቀበቶው አንገቱን ልጦት እንደሆነ እዩ፣ ውሃ ስጡት፣ ሰንሰለቱን ይዛችሁ ጸጥ ወዳለ ሜዳ ውሰዱት። ልጆቹ በቀኑም ይጨፍራሉና ወደ መንደሩ መሀል አትውሰዱት።

በሌሊቱ ከጠፋባችሁ እየጮኻችሁ አታባርሩት፤ የፈራ ውሻ የጌታውንም ድምፅ ይሸሻል። ማለዳ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ የለመደውን የምግብ ሳህን እየመታችሁ በዝግታ ሂዱ። ወንዝ ዳር፣ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ፈልጉት። ጋቢያችሁን የጠፋበት ቦታ ትታችሁ ተመለሱ፤ ጠረኑን ፍለጋ ይመጣል። እረኞችን ጠይቁ፤ ያላዩት ነገር የለም። ቡላንም ያገኘሁት አንድ እረኛ «ቡላ ውሻ ከገደሉ ሥር ተኝቷል» ብሎኝ ነው።

ቡሄ ሲያልፍ ማሰሪያውን አትስቀሉት። የእንቁጣጣሽ ጠዋት አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆች ከፀሐይ ቀድመው በር ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ደመራው አለ፣ እንደየአካባቢው መስከረም 16 ማታ ወይም 17 ሲነጋ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ነው፤ የበሽታውን ክትባት የሠራው ሉዊ ፓስተር የሞተበት ቀን ሲሆን በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። በሐምሌ ያመለጣችሁን ክትባት ቢያንስ ያን ቀን አስታውሳችሁ አስከትቡ። እስከዚያው ጳጉሜን ላይ ሰንሰለቱን አውጥታችሁ መርምሩት፤ በነሐሴ ዝናብ የዛገ ማያያዣ ካለ ከበዓሉ በፊት ለውጡት።